ስንት ጊዜ እሳት አይቷል? — አዲስ ቱባ ሲሞከር በነታኒያ

ነታኒያ ከቴል አቪቭ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በባሕር ዳር ገደል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ገደል ሲባል የስሜንን ተራራ ያየ ሰው ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን ከሄርጽል ጎዳና መጨረሻ፣ ኪካር ሃዓጽማኡትን አልፎ፣ አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ያየ ሰው ሳቁን ይተዋል። ባሕሩ ከእግር ሥር ይመታል፤ ነፋሱ ነጠላ ይገፋል። ጉልበት ለደከመው ደግሞ አሳንሰር ተሠርቷል፤ ከገደሉ አናት ወደ ባሕሩ ዳር ያወርዳል፣ መልሶም ያወጣል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው እዚያ ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1929 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ስሟን ያገኘችው ናታን ስትራውስ ከሚባሉ አሜሪካዊ ባለጸጋና በጎ አድራጊ ነው። መጀመሪያ ሰዉ ብርቱካን ይተክል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን ከቤልጂየም የመጡ ስደተኞች አልማዝ የመቁረጥና የማለስለስ ሙያ ይዘው ደረሱ፤ ነታኒያም የአልማዝ ሠራተኞች ከተማ ተባለች። እነዚያ ሰዎች አገር ጥለው ሲወጡ ንብረታቸው ቀርቷል፤ እንጀራ የሰጣቸው በእጃቸው ላይ የነበረው ሙያ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

የእኛ ሰው ነታኒያን በደንብ ያውቃታል። ኪርያት ኖርዳው፣ አዞሪም፣ ሔፍጺባ ቢባል ዘመድ የሌለው የለም። እኔም ስመላለስ የኖርኩት ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለለቅሶ ነው። ባለፈው ክረምት ግን የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ልጁ የሚነፋ መሣሪያ ሊመርጥ ነው። አባባም አብሬ እሄዳለሁ ብለዋል። አንቱም ይምጡና ሐሳብ ይስጡን» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ መጥተው ይህን ልጅ ያስተዉልኝ የምትል ትመስል ነበር። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። የፈለገው መሣሪያ ቱባ ይባላል።

የናስ ቱባ

ስሙን ስሰማ የመጣልኝ ክር ነው። በእኛ ቋንቋ ቱባ የተጠቀለለ ክር ነው፤ ፈትል ያየ፣ ሸማኔ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የመሣሪያው ስም የመጣው ግን ከላቲን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ቱባ ማለት መለከት ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ቢሆንም መሣሪያውን ሳየው የእኛው ትርጉም አላሳፈረኝም። ከትላልቆቹ ቱባዎች አንዱ ተፈትቶ ቢዘረጋ ቱቦው 5 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ያን ሁሉ ርዝመት ሰው ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንዲነፋው እንደ ክር ጠቅልለውታል። ከመንፊያው አጠገብ ትንሽ ጣት በጭንቅ የሚያስገባው ቱቦ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ መጨረሻው ላይ እንደ ሰፌድ ይከፈታል።

ድምፁ ወፍራም ነው፤ እንደ ከበሮ ደረት ውስጥ ይገባል። በማርሽ ባንድ ውስጥ ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ትራምፔትና ክላሪኔት ናቸው። ቱባው ከሥር ሆኖ ይሸከማቸዋል። ቤት ሲሠራ መሠረቱን ማንም አያየውም፤ ቱባም እንደዚያ ነው። ሲኖር አናስተውለውም፤ ዝም ሲል ግን ሙዚቃው ሁሉ እንደሳሳ ይሰማናል።

የሚነፋ መሣሪያ በራሱ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ላይ ሙሴ ሁለት የብር መለከቶች እንዲያሠራ፣ እነሱም በመዶሻ ተቀጥቅጠው እንዲሠሩ ታዟል። በአገራችንም መለከቱና እምቢልታው ከነጋሪቱ ጋር የንጉሥ አጀብ ነበሩ። እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ተቀባብለው ይነፉ ነበር፤ አንዱ ብቻውን ዜማ አይሞላለትምና። ቱባ ግን ከነዚህ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። በ1835 በርሊን ውስጥ ቪልሄልም ቪፕሬክት የተባለ የወታደር ሙዚቃ አለቃና ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ የተባለ መሣሪያ ሠሪ ናቸው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት። አንዱ የሚፈልገውን ድምፅ ያውቃል፤ ሌላው ናስ መሥራት ያውቃል። እስከ ዛሬም አዲስ ቱባ የሚወለደው በዚሁ መንገድ ነው። ሠሪው ይሠራል፣ ነፊው ይሞክራል፣ ጉድለቱን ይናገራል፣ ሠሪው እንደገና እሳት አጠገብ ይመለሳል።

ሦስት ቱባ፣ አንድ ክፍል

ሙከራው የነበረው የልጆች ሙዚቃ በሚያስተምሩበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጡ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። እንደምታስታውሱት እኛ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነን ስንገባ፣ እነሱም በዚያው ዘመን በመቶ ሺህ እየሆኑ ይገቡ ነበር። ከመካከላቸው ሙዚቀኛው ስለበዛ አንድ ቀልድ ይነገር ነበር፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ ቫዮሊን ያልያዘ ሰው ካያችሁ እሱ ፒያኖ ተጫዋች ነው ይሉ ነበር። በየከተማው ልጆቻችንን ሙዚቃ ካስተማሩት ብዙዎቹ ከነዚያ ሰዎች ወገን ናቸው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቱባዎች ተደርድረዋል። አንደኛው የትምህርት ቤቱ አሮጌ ነው፤ እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። ሁለተኛው አዲስ፣ ለልጅ ተብሎ አነስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሦስተኛውም አዲስ ነው፤ ትልቅ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። አዲሶቹን ያመጣው ነጋዴ በር አጠገብ ቆሟል።

እኔ ልጁ አንዱን አንሥቶ «ፉ» ብሎ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ አስቀመጡት። ጀርባህን ቀና አድርግ አሉት። ጀርባው ቀና ባለበት መንፊያው ራሱ ወደ ከንፈሩ መምጣት አለበት፤ ልጁ አንገቱን ሰብሮ ወደ መንፊያው የሚሄድ ከሆነ መሣሪያው ለእሱ አይሆንም። ቀጥሎ ጣቶቹ ፒስተኖቹ ላይ በደንብ መድረሳቸውን አዩ። ሦስተኛው፣ የሚያበራው፣ እዚህ ላይ ወደቀ። ሙሉ መጠን ያለው ቱባ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ልጁ ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ራሳቸው ነፉ። ምንም ፒስተን ሳይጫኑ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ቀዳዳ የሌለው ቱቦ በከንፈር ኃይል ብቻ ከአንድ በላይ ድምፅ እንደሚሰጥ መለከት ነፊዎቻችን ያውቁት ነበር። አንድ ድምፅ ረዘም አድርገው ይዘው ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ወሰዱት፤ ድምፁ ሲያድግ ከቦታው መንሸራተት የለበትም አሉ። በጣም ቀስ ብለውም ጀመሩ፤ መጥፎ መሣሪያ ቀስ ተብሎ ሲነፋ ዘግይቶ ይመልሳል። ድምፁን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ከፊታቸው አለች፤ መርፌዋ መካከል ላይ ስትቆም ልክ ነው፣ ወደ ግራ ስትሄድ ዝቅ፣ ወደ ቀኝ ስትሄድ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ሁላችንንም ከክፍሉ ጀርባ አስቀምጠው ዓይናችሁን ጨፍኑ አሉን። የነፊው ጆሮ ያለው መሣሪያው አጠገብ ነው፤ ክፍሉ የሚሰማውን እሱ አይሰማም። ስለዚህ መሣሪያ ሲሞከር ራቅ ብሎ የሚሰማ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ዓይን ካየ ደግሞ የሚያበራው ያሸንፋል። ሦስቱንም በየተራ ነፉልን። የልጁ እናት ሦስተኛውን መረጠች። እኔ አሮጌውንና ሁለተኛውን መለየት አቃተኝ። አዛውንቱ አማቼ ግን ምንም ሳይሉ ተነሡ።

ጥያቄው

ጋሼ የእህቴ ባል ናቸው። የመጡት ከጎንደር፣ ከወለቃ አካባቢ ነው። ወደ ሁለተኛው ቱባ ሄዱና የሰፋውን አፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በጥፍራቸው መታ አደረጉት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አቁመው፣ እኛ ያላየነውን ቀጭን መስመር አሳዩን፤ ናሱ የተበየደበት ነው።

«ይሄ ስንት ጊዜ እሳት አይቷል? በለው» አሉት ልጁን።

ልጁ ወደ ዕብራይስጥ መለሰው። መምህሩ ትንሽ ዝም አሉና፣ «40 ዓመት ነፍቻለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። መልሱን የሰጠው በሩ ላይ የቆመው ነጋዴ ነው። ናስ በመዶሻ ሲመታ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ቢመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመካከሉ በእሳት አግለው ያለሰልሱታል፤ እንደገና ይመቱታል፤ እንደገና ያግሉታል። ትልቁ አፍ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ደጋግሞ እሳት ያያል።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከብረት ጋር ተቃራኒ ነው» አሉ። «ማረሻ ሲሠራ ብረቱ እንደጋለ ነው የሚመታው። ናስ ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጥሩውን ብረት አግለህ ውኃ ብትነክረው ይጠነክራል። ናስን አግለህ ብትነክረው ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል።»

«አባባ፣ በምን አወቁ?» አለ ልጁ።

«ቀጥቃጭ ነበርኩ» አሉት።

ልጁ የሚያውቀው አያቱ እዚህ አገር በጽዳት ሥራ መሥራታቸውን ብቻ ነው። ስለ ወናፉ፣ ስለ ጉጠቱ፣ ስለ ከሰሉ አልነገሩትም። ለምን እንዳልነገሩት ይህን የምታነቡ ወላጆች ታውቃላችሁ። በቀን ማረሻውንና ማጭዱን ይዞ መጥቶ የሚያሠራ ሰው፣ ማታ «ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል» ብሎ ይሸሽ ነበር። ወንዶቻችን በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቻችን በሸክላ ሥራ አገር አገልግለዋል። በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ዘመን አባቶቻችን ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሙያው ግን በስድብ ስለተከፈለ ብዙ ሰው ወደዚህ ሲመጣ ሙያውን ከነስሙ ቀበረው።

መምህሩ የተጠየቁትን ይዘው አሠራሩን ለልጁ አስረዱት፤ ጋሼም እየጨመሩ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ የተለመደው ቢጫው ናስ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ነው። መዳቡ ወደ 85 እጅ ሲወጣ ቀላ ይላል፤ ድምፁም ሞቅ ይላል የሚሉ ነፊዎች አሉ። አፉ የሚሠራው እንደ ልብስ ነው፤ ከናስ ቆርቆሮ በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዝና ጠርዙ ይበየዳል፣ በብረት ቅርጽ ላይ ተደግፎ በመዶሻ ይመታል፣ መጨረሻውን ቶርኖ ላይ እያዞሩ ያስተካክሉታል። ቱቦው እንዳይጨማደድ ከመታጠፉ በፊት ውስጡ በሬንጅ ወይም በእርሳስ ይሞላል። በሳሙና ውኃ ሞልተው በረዶ የሚያደርጉትም አሉ። ከታጠፈ በኋላ የሞላው ነገር ቀልጦ ይወጣል። «ይህችን እንኳ አላውቅም ነበር» አሉ ጋሼ፤ በጣም ደስ አላቸው።

የጎደለው 13 ሳንቲሜትር

አዲስ ቱባ መሥራት ለምን ይህን ያህል ሙከራ እንደሚፈልግ የገባኝ ፒስተኖቹን ሲያስረዱን ነው። ፒስተን ማለት የመስኖ ውኃን ወደ ሌላ ቦይ እንደሚመልስ አፈር ነው። ስትጫኑት አየሩ ዞር ብሎ በተጨማሪ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ይህ ብልኃት የተገኘው በጀርመን አገር ነው፤ ሽቶልትሰልና ብሉመል የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1818 አስመዝግበውታል። ያ ባይገኝ ቱባ አይኖርም ነበር።

5 ሜትር ተኩል በሚረዝም ቱባ ላይ አንደኛው ፒስተን 67 ሳንቲሜትር ያህል ይጨምራል፤ ሁለተኛው 33፣ ሦስተኛው 104። እያንዳንዱ ለብቻው ልክ ነው። ችግሩ አብረው ሲጫኑ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው አብረው 171 ሳንቲሜትር ይሰጣሉ፤ ለሚፈለገው ድምፅ ግን 184 ያስፈልጋል። 13 ሳንቲሜትር ጎደለ ማለት ነው፤ ድምፁም ከልኩ በላይ ይወጣል። ሦስቱም አብረው ሲጫኑ ጉድለቱ ወደ 24 ይደርሳል። ልጅ ሲያድግ ቀሚሱን አስረዝመን እጅጌውን እንደነበረ ብንተወው እንደሚያጥረው ያለ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ማደግ አለበት።

ሠሪዎች ለዚህ ጉድለት ወደ 200 ለሚጠጉ ዓመታት መላ ሲፈልጉ ኖረዋል። አንዱ መላ አራተኛ ፒስተን መጨመር ነው፤ 184ቱን ብቻውን ይሰጣል። አምስትና ስድስት ያላቸውም አሉ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ብሌክሊ በ1874 ሌላ መንገድ አገኘ፤ ፒስተኖቹ አብረው ሲጫኑ አየሩ ተመልሶ በትናንሽ ተጨማሪ ቱቦዎች እንዲያልፍና ጉድለቱ እንዲሞላ አደረገ። ግን እያንዳንዱ መላ ዋጋ አለው። ቱቦ በተጨመረ ቁጥር ክብደት ይጨምራል፤ መጠምዘዣው ሲበዛ አየሩ ይከብዳል። ሁሉን የሚያሟላ ቱባ የለም። ሠሪው የትኛውን ጉድለት እንደሚተው ይመርጣል፤ የተረፈውን ነፊው በከንፈሩ ወይም ቱቦውን በግራ እጁ ሳብ አድርጎ ያስተካክላል። መምህሩ መርፌዋን ሲያዩ የነበረው ለዚህ ነው። የሁለተኛው ቱባ መርፌ አንድ ድምፅ ላይ ብቻ ወደ ቀኝ ሄደ። «ይህን ልጁ ይማረዋል» አሉ።

ልኬት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በቱባ ነፊዎች ዘንድ ይነገራል። በ1930ዎቹ ዮርክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሁለት ትላልቅ ቱባዎች ሠርቶ ነበር። አንዱ ለታዘዘለት ሰው አልተመቸውም። እንደሚተረከው፣ አርኖልድ ጃኮብስ የተባለ ተማሪ በ175 ዶላር ገዛው። ያ ተማሪ በኋላ ከ1944 እስከ 1988 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ነፊ ሆነ፤ መሣሪያውም በዓለም ታወቀ። የስዊስ ሠሪው ሂርሽብሩነርም፣ የጃፓኑ ያማሃም በዚያ አሮጌ ቱባ መነሻነት አዲስ ሠርተዋል። ለአንዱ ያልተመቸ ዕቃ ለሌላው የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሆነ። ስለዚህ መምህሩ ስለ ዋጋውና ስለ ስሙ ከማውራታቸው በፊት ልጁን ማስቀመጣቸው ትክክል ነበር።

ከኢየሩሳሌም የሄደው ባንድ

ከዚያ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ጋሼ አንድ ነገር አነሡ። በልጅነታቸው ጎንደር ከተማ የወታደር ማርሽ ባንድ ሲያልፍ አይተዋል። «ይሄ ነገር ወደ እኛ አገር በየት ገባ?» አሉ።

በሁለት በር ነው የገባው። መጀመሪያ ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ 40 የሚሆኑ የናስ መሣሪያዎች ላኩ። ሁለተኛው በር ግን ከነታኒያ ሩቅ አይደለም፤ ኢየሩሳሌም ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በዚያም በአርመኖች ገዳም ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ ሲነፉ ሰሙ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው 40ውን ልጆች በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር የመጣው አስተማሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ያ መዝሙር እስከ አብዮቱ ድረስ ተዘምሯል። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ኋላ በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤቱንና የቴአትር ቤቱን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። ናልባንድ በቱርክና በፋርስ ቋንቋ ለፈረስ ጫማ የሚሠራ፣ የሚመታ ሰው ነው። ናልባንዲያን ማለት የዚያ ሰው ዘር ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር የደረሰው ሰው የአባቶቹን ሙያ በስሙ ተሸክሞ ነበር፤ ማንም አላፈረበትም።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4ን አስታወሱኝ። በዚያ ላይ ዩባል የበገና ደርዳሪዎችና የሚነፉ ሰዎች አባት ነው፤ ቱባልቃይን ደግሞ ናስና ብረት የሚሠራ ነው። ሁለቱም የላሜሕ ልጆች፣ በአባት ወንድማማቾች ናቸው። «ሙዚቀኛውና ቀጥቃጩ ከአንድ አባት ነው የወጡት» አሉ ጋሼ፤ ልጁንም አዩት።

የእናትየዋ ጥያቄ

የእህቴ ልጅ ግን ገና አልረካችም። እውነት አላት። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን ይቆማል። ጎረቤት አለ። ደመወዙ የታወቀ ነው። «ሒሳብ ቢማር ይሻለዋል። ከዚህ ምን ይወጣዋል?» አለች።

«ልጄ፣ ዕቃው ከሰው እጅ ነው የወጣው» አሉ አባቷ። «ድምፁ ደግሞ ከልጅሽ ደረት ይወጣል። አባትሽ እሳት አጠገብ 20 ዓመት ተቀምጦ አንድም ቀን ጎበዝ አልተባለም። ልጅሽ ይህን ይዞ ቆሞ ሰው ሲያጨበጭብለት ልይ። ሒሳቡም አይቀርበትም፤ የ13 ሳንቲሜትሩን ሒሳብ አልሰማሽም?»

ሳቀች። እሺ አለች፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ አይገዛም፣ በኪራይ ይወሰዳል። መምህሩም ያሉት ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ አንድ ቀን «የሚነፋ መሣሪያ እፈልጋለሁ» ብሎ ቢመጣ፣ ከዚያ ቀን የተማርነውን ልንገራችሁ። የፊት ጥርሶቹ ተለውጠው መጽናታቸውን እዩ፤ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በ9 ወይም በ10 ዓመት ገደማ ነው። ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ትምህርት ቤቱ የሚያበድር ወይም የሚያከራይ መሆኑን ጠይቁ፣ ቢሰበር ወይም ቢጎደጉድ ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይሁን። ትልቁን ካልቻለ አነስ ያለውን ይውሰድ። ለጀማሪ ልጆች ከፕላስቲክ የተሠራ ትሮምቦን ከእንግሊዝ አገር ወጥቷል፤ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለሰልፍ የሚሆነው ሱሳፎን የሚባለው የቱባ ዓይነት ደግሞ እንደ ጋቢ ትከሻ ላይ የሚጣል ነው፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ከፋይበርግላስ የሚሠራም አለ።

ለባሕር ቅርብ የሆነ ሰው ጨው ያለበት አየር ናስ እንደሚበላ ይወቅ፤ ልጁ ነፍቶ ሲጨርስ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረገው። ውስጡ በየጊዜው ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ የፈላ ውኃ ቀለሙን ያበላሻል። መንፊያው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይታጠብ። ፒስተኑ የራሱ ዘይት አለው፤ የወጥ ዘይት አይሆንም። ከጎደጎደ ቤት ውስጥ በመዶሻ አትሞክሩ፤ የአፉ ናስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ወደ ጠጋኝ ይሂድ። ይህን ያሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። በቀትር ዕረፍትና ማታ አይነፋ፤ ለጎረቤት ድምፅ ማፈኛ አለ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ ቡና ጠርቶ መንገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመምህሩ ሳይሆን ከልጁ ተማርኩ። በመኪና ስንመለስ ስለ ቱባው አልጠየቀም። ስለ ወናፉ ነበር የሚጠይቀው። ማን ይነፋው ነበር? ከምን ቆዳ ነው የሚሠራው? ከሰሉ ከየትኛው እንጨት ነው? ጋሼ መጀመሪያ ባጭሩ መለሱ፤ ሔፍጺባ ስንደርስ ግን እጃቸው አየር ላይ እየመታ፣ የማረሻውን ጫፍ ያሳዩት ነበር። ልጆቻችን ስለ ሙያችን የማይጠይቁን ንቀውን የሚመስለን ብዙ ነን። ይህ ልጅ ያልጠየቀው የሚጠይቀው ነገር ስላላየ ነው። አንድ የተጠቀለለ ናስ በመካከላቸው ሲቀመጥ ጥያቄው ራሱ መጣ። በየቤታችን እንዲህ ዓይነት ሙያ ተቀብሯል፤ ሸክላ፣ ሽመና፣ ግንባታ። አልማዝ ቆራጮቹ ሙያቸውን በአደባባይ አወጡት፤ ከተማቸውም ኮራችበት። እኛም ለልጆቻችን ስሙን ጠርተን እንንገራቸው።

ልጁ ሁለተኛውን ቱባ ወሰደ። በሳምንት ሁለት ቀን ይማራል፤ እስካሁን ሦስት ድምፅ በደንብ ያወጣል። የፒስተኑን ዘይት የማድረጉን ሥራ ግን ጋሼ ለማንም አልሰጡም።